ጆሮ የሚታመመው በየት በኩል ነው?

ሕፃን ልጅ ጆሮውን የሚያመው ብዙ ጊዜ ጉንፋኑ ሊለቀው ሲል ነው። ሦስት አራት ቀን ሲያስነጥስና ንፍጡ ሲወርድ ይሰነብትና እናቱ «እፎይ፣ ተሻለው» ባለችበት ሌሊት እየጮኸ ይነቃል። ሲያስተኙት ይብስበታል፣ ሲያቅፉት ቀለል ይለዋል፣ ትኩሳቱም ይመለሳል። ሲነጋ ቤቱ ሁሉ ለምርመራ ይቀመጣል። ያለ ኮፍያ ያስወጣው ማነው? ትናንት ሲታጠብ ውኃ ገብቶበት ይሆን? አያት ጥጥ ያስመጡና ብርድ እንዳይገባው ጆሮውን ይወትፉለታል።

ጥጡ ብዙም አይጎዳውም፣ አይጠቅመውምም። የልጆች የጆሮ ሕመም አብዛኛው የሚገባው ከውጭ በምናየው ቀዳዳ አይደለምና። ጆሮ የጓሮ በር አለው፤ በሩም ከአፍንጫ ኋላ፣ ከጉሮሮ በላይ ነው። እኛ የፊት ለፊቱን ስንጠብቅ በሽታው በጓሮ ይገባል። አንዱ ልጅ በዓመት አራት ጊዜ ሲታመም ታላቁ አንዴም ሳይታመም ያደገው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ በር መጀመር ያስፈልጋል።

ከውጭ የሚታየው ቀዳዳ በአዋቂ ሰው ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ያበቃል። መጨረሻው ላይ የጆሮ ታምቡር የምንላት ስስ ሽፋን ተወጥራ ዘግታዋለች። ታምቡሯ ካልተቀደደች በስተቀር የገላ ውኃም ሆነ የመንገድ ነፋስ አያልፋትም። ከጀርባዋ ሁለት ሚሊ ሊትር እንኳ የማይሞላ ትንሽ ክፍል አለ፤ መካከለኛው ጆሮ ይባላል። ድምፅ የሚያስተላልፉት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ያሉት እዚያ ነው። ይህ ክፍል በአየር መሞላት አለበት። ግድግዳው ግን አየሩን ቀስ በቀስ ስለሚመጠው ዘወትር ምትክ ይፈልጋል። ምትኩ የሚመጣው ከአፍንጫ ጀርባ በሚነሳ ቀጭን ቱቦ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ጣሊያናዊው ሐኪም ባርቶሎሜኦ ኤውስታኪ በዝርዝር ስለገለጸው፣ እስከ ዛሬ በእሱ ስም ዩስታሺያን ቱቦ ይባላል።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጎሃ ጽዮን በኩል ወደ ደጀን የተጓዘ ሰው ይህን ቱቦ ሳያውቀው ያውቀዋል። መኪናው ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ጆሮ ይደፈናል፤ አጠገብ የተቀመጠው ሰው የሚያወራው ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ከዚያ ምራቅ ዋጥ ሲያደርጉ ወይም ሲያዛጉ «ጷ» ብሎ ይከፈታል። ያን ጊዜ ቱቦው ለቅጽበት ተከፍቶ የውጭውን አየር አስገብቷል። ቱቦው በአብዛኛው ዝግ ነው፤ የሚከፍቱት የላንቃ ጡንቻዎች ናቸው፣ ያውም ስንውጥና ስናዛጋ ብቻ። ቁልቁለቱ ላይ የሚያለቅስ ሕፃን እናቱ ጡት ስታጎርሰው ዝም የሚለው ርቦት ስለነበር ላይሆን ይችላል። ሲጠባ ይውጣል፣ ሲውጥ ጆሮው ይከፈትለታል።

አሁን ወደ ዕድሜ እንምጣ፤ ከሁሉም ምክንያቶች ትልቁ እሱ ነውና። የአዋቂ ሰው ቱቦ ርዝመቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ ከጆሮ ወደ አፍንጫ ጀርባ 45 ዲግሪ በሚጠጋ ተዳፋት ይወርዳል። የሕፃን ቱቦ ግን የዚህ ግማሽ ያህል ነው፤ 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሚያዘነብል ጠፍጣፋ ሊባል ይችላል። የሚከፍቱት ጡንቻዎችም ገና አልጠነከሩም። ስለዚህ አፍንጫ ውስጥ ያለ ተዋሲያን ወደ ጆሮ ለመድረስ አጭር መንገድ አለው፤ ጆሮ ውስጥ ያቆረ ፈሳሽ ግን የሚወርድበት ቁልቁለት የለውም። በዚያ ላይ ልጁ ከእናቱ ይዞት የተወለደው መከላከያ ከስድስተኛው ወር ወዲህ እየሳሳ ይሄዳል፣ የራሱ ደግሞ ገና አልበሰለም። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለው ጊዜ የጆሮ ሕመም ዋና ወቅት የሆነው እነዚህ ሁለቱ ስለሚገጣጠሙ ነው። ልጁ 7 ዓመት አካባቢ ሲደርስ ቱቦው የትልቅ ሰው ቅርጽ ይይዛል። «ሲያድግ ይተወዋል» የሚሉት ትልልቅ ሴቶች እውነት አላቸው።

ጉንፋን የቱቦውን የውስጥ ሽፋን ያሳብጠውና ይዘጋዋል። መካከለኛው ጆሮ ውስጥ የቀረው አየር እየተመጠጠ ያልቃል፤ ታምቡሯ ወደ ውስጥ ትሳባለች፤ ከግድግዳው ፈሳሽ ይመነጫል። ኒሞኮከስ፣ ሄሞፊለስና ሞራክሴላ የሚባሉት ባክቴሪያዎች በብዙ ጤነኛ ልጆች አፍንጫ ጀርባ ዓመቱን ሙሉ ማንንም ሳይነኩ ይኖራሉ። ፈሳሹ ውስጥ ሲገቡ ግን ይራባሉ፤ ፈሳሹ መግል ይሆናል፤ መግሉ ታምቡሯን ወደ ውጭ ይገፋታል። ሌሊት የሚያስጮኸው ይህ ግፊት ነው። ከመጀመሪያው ማስነጠስ እስከዚህ ለመድረስ ቀናት ይፈጃል፤ ስለዚህ ጥፋተኛ ፍለጋው የሚጀመር ከሆነ ከትናንቱ ገላ መታጠብ ሳይሆን ከባለፈው ሳምንት እንግዳ መጀመር አለበት።

እዚህ ላይ ጥያቄው ሁለት ብቻ ይሆናል፦ ልጁ ስንት ጊዜ ጉንፋን ይይዘዋል? ጉንፋን ሲይዘው ቱቦው ምን ያህል ይቋቋማል? የጆሮ ሕመም የሚያበዛ የተባለ ነገር ሁሉ ከሁለቱ በአንዱ ይገባል።

መጀመሪያው የልጅ ብዛት ነው። ሦስት ታላላቆች ከትምህርት ቤት ሦስት ዓይነት ጉንፋን ይዘው የሚገቡበት ቤት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው የሚያድርበት ቤት፣ የሕፃናት ማቆያ። ሜሪላንድ ያለች እናት አዲስ አበባ ስትደውል የሚሰማው ንግግር ይህን ይመስላል፦

«እማዬ፣ ዛሬም ጆሮውን አሞት ከዴይኬር ጠሩኝ።»

«የዚያ አገር ብርድ ነው ልጄ! ኮፍያውን አታውልቂለት ብዬሽ አልነበር?»

ብርዱ በራሱ ጆሮ አያሳምምም። ብርድ ሰዎችን ቤት ውስጥ ያጭቃል፣ መስኮት ያዘጋል፣ ጉንፋንም እንደ ልቡ ይዛመታል። የዴይኬሩ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ከአሥር ልጆች ጋር አሻንጉሊት ይላላሳል፤ በመጀመሪያው ዓመት ጉንፋኑ የማይቋረጥ የሚመስለው ለዚህ ነው። በአሜሪካ አንድ ልጅ በስድስት ወር ሦስት ጊዜ ወይም በዓመት አራት ጊዜ ጆሮው ከመገለ ሐኪሞቹ ስለ ቱቦ ማስገባት ማንሳት ይጀምራሉ። ታምቡሯ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አበጅተው አየር የሚያስገባ ሚጢጢ ቱቦ ይሰኩባታል፤ የጓሮው በር እስኪጠነክር ድረስ አየሩ በፊት በኩል እንዲገባ ማለት ነው። ዘዴውን በ1954 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ከፕላስቲክ በተሠራ ቱቦ ያስጀመረው አሜሪካዊው ሐኪም አርምስትሮንግ ነበር። ዛሬ እዚያ አገር በልጆች ላይ በብዛት ከሚደረጉት ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ነው። «ጆሮውን ሊበሱት ነው» ብለው የሚደነግጡ አያቶች አሉ፤ አይፈረድባቸውም፣ ነገር ግን ቀዳዳዋ ቱቦው ሲወጣ በአብዛኛው ራሷ ትዘጋለች።

ሁለተኛው ጭስ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የቱቦው የውስጥ ግድግዳ ዓይን በማያያቸው ጥቃቅን ፀጉሮች የተሸፈነ ነው። ፀጉሮቹ ሳያቋርጡ እየተወዛወዙ ንፍጡንና ቆሻሻውን ከጆሮ ወደ ጉሮሮ ይጠርጋሉ። ጭስ እነዚህን ፀጉሮች ያደነዝዛል፣ ሽፋኑን ያስቆጣል፣ ንፍጡን ያወፍራል። ሲጋራ የሚያጨስ አባት በረንዳ ላይ ቢወጣ ይሻላል፤ ልብሱ ላይ የቀረው ግን አብሮት ይገባል። በእኛ አገር ከሲጋራው ይልቅ የሚያሳስበው ማጀቱ ነው። በገጠርም በከተማ ዳርም አብዛኛው ቤት በእንጨትና በኩበት ያበስላል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን እናቲቱ ምጣዱ ላይ ጎንበስ ቀና ስትል ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ታዝሏል፤ ጭሱ የሚወጣበት ደግሞ ያው በሩ ብቻ ነው። ልጁን በዚያ ሰዓት ለታላቁ ወይም ለጎረቤት መስጠት ምንም ወጪ የለውም። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ደግሞ ለእናቲቱ ዓይንና ሳንባም ነው። በነገራችን ላይ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ ለጨረሰው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ሆኖ የቀረ ልማድ ነው። በሽታው እጅግ ከባድ የጉንፋን ዓይነት ነበር፤ ጭሱ ያባርረዋል ተብሎ ታሰበ። ጉንፋን ለያዘው ሕፃን ጆሮ ግን ከዚያ ቀን የከፋ አየር ማግኘት ያስቸግራል።

ሦስተኛው የሚመገብበት ሁኔታ ነው። በጡት ወተት ውስጥ እናቲቱ ያመረተችው መከላከያ አለ፤ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ የጠቡ ልጆች ጆሯቸውን የሚያማቸው ያነሰ ነው። ጡጦ ሲሆን ደግሞ አያያዙ ራሱ ይቆጠራል። ሥራ የበዛባት እናት ሕፃኑን በጀርባው አስተኝታ ጡጦውን ትራስ ታስደግፍለታለች። ወተቱ ልጁ ቢስበውም ባይስበውም ይፈስሳል፤ ጉሮሮው ኋላ ያቁራል፤ ቱቦው አጭርና ጠፍጣፋ ስለሆነ ከወተቱ ጥቂቱ ወደ ጆሮ ሊያፈነግጥ ይችላል። ልጁን ክንድ ላይ ቀና አድርጎ ራሱን ከሆዱ ከፍ ማድረግ ይህን ያስቀራል። የእንጀራ እናት የሚባለው ባዶ ጡጦም ቀኑን ሙሉ አፍ ውስጥ ሲውል የጆሮ ሕመምን ያበዛል፤ ስድስት ወር ካለፈው በኋላ ለእንቅልፍ ሰዓት ብቻ ቢሆን ይመረጣል።

ቱቦው በተፈጥሮው የደከመባቸውም ልጆች አሉ። ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ ቱቦውን የሚከፍቱት ጡንቻዎች መያዣ ስለሌላቸው ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ አይጠፋም ማለት ይቻላል፤ ወላጆቹ ስለ ከንፈሩ ሲጨነቁ ጆሮው ሳይታይ ይቀራል። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆችም እንዲሁ ናቸው። አፉን ከፍቶ የሚተኛና የሚያንኮራፋ ልጅ ከአፍንጫው ጀርባ ያለው አዴኖይድ የሚባል እጢ አብጦ የቱቦውን አፍ ተጭኖት ይሆናል። በዘር የሚወረስ ነገርም አለ። እናት ወይም አባት በልጅነታቸው ጆሯቸው ይመግል ከነበረ ልጁም ያንኑ የቱቦ ቅርጽ ይዞ ሊወለድ ይችላል።

ኩፍኝ ለብቻው ይነሳ። ኩፍኝ ከያዛቸው ሕፃናት ከአሥሩ አንዱ ያህል ጆሮው ይመግላል። ስለዚህ በ9 ወር የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባት የጆሮም ክትባት ነው። ኒሞኮከስን የሚከላከለው፣ በተለምዶ የሳንባ ምች ክትባት የሚባለው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የገባው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። ይህም ጆሮን ይጠቅማል፤ ሁሉንም ባክቴሪያ ስለማይመለከት ግን ጨርሶ አያስቀርም። በምግብ እጥረት የተጎዱና ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ልጆች ደግሞ ጆሯቸው ከመገለ ቶሎ አይደርቅም።

መግሉ ሲበዛ ታምቡሯ ትቀደዳለች። ሌሊቱን ሲጮኽ ያደረው ልጅ ንጋት ላይ በድንገት ጸጥ ብሎ ይተኛል፣ ትራሱ ላይ ቢጫ እርጥበት ይታያል። «ፈነዳለት፣ ዳነ» ይባላል። ሕመሙ መቅለሉ እውነት ነው፣ ግፊቱ ወጥቷልና። ታምቡሯም ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሷን ትደፍናለች። ችግሩ የሚመጣው መግሉ ሳይቆም ሲቀር ነው። ልጁ ስለማያለቅስ ማንም አይቸኩልም፤ ጆሮው ይሸታል፣ ዝንብ ይከተለዋል፣ ከኋላ ሲጠሩት አይሰማም፣ «ዝንጉ ነው» ይባላል። በጤና ጣቢያ መመሪያ ቁጥሩ 14 ቀን ነው። መግሉ ከ14 ቀን ያነሰ ከሆነ ሕመሙ አጣዳፊ ይባልና የሚዋጥ መድኃኒት፣ በተለምዶ አሞክሳሲሊን፣ ይታዘዛል። 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ሥር የሰደደ ነው፤ የሚዋጠው ብዙም አይረዳውም። የሚረዳው ጆሮውን ማድረቅና ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሰለ የጆሮ ጠብታ ለሁለት ሳምንት ነው። ጠብታውን ሐኪም ይምረጠው፤ ታምቡር ሲቀደድ ውስጠኛውን ጆሮ የሚጎዱ ጠብታዎች አሉና።

ማድረቁ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ነርሶች ለእናቶች ደጋግመው የሚያሳዩትም እሱን ነው። ንጹሕ፣ ውኃ የሚመጥ ጥጥ ጨርቅ ይወሰዳል፤ ታጥቦ የደረቀ አሮጌ ነጠላ ይሆናል። ከሱ ትንሽ ቆርጦ ጫፉ እንዲሾል በጣት ማጠንጠን ነው። እንጨት አይገባበትም። የተጠነጠነው ጨርቅ ጆሮው ውስጥ ቀስ ብሎ ይቀመጣል፤ መግሉን ሲመጥ ይወጣል፤ ተጥሎ ሌላ ደረቅ ይገባል፤ ጨርቁ ደርቆ እስኪወጣ ድረስ ይደጋገማል። ይህ በቀን ሦስት ጊዜ ነው፤ ጠብታው የሚንጠባጠበው ከዚያ በኋላ ነው። የሚመግል ጆሮ ውስጥ ዘይት፣ ቅቤ፣ የጤና አዳም ጭማቂ ወይም የጡት ወተት መጨመር እርጥበት ላይ እርጥበት ነው። ገላ ሲታጠብም፣ ጠበል ሲጠመቅም ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ቢደረግለት ጥሩ ነው። የአያት ጥጥ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው፤ ታምቡሯ ተቀድዳለችና ውኃ በፊት በኩል ይገባል። ከጆሮው ጀርባ ያለው አጥንት አብጦ ሲነኩት የሚያመው ከሆነ ግን ጨርቅና ጠብታ ትቶ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው። መግሉ ወደ አጥንት ዘልቋል፣ ከዚያ ወደ አንጎል ሩቅ አይደለም።

የፊት ለፊቱ ቀዳዳ ሕመም ሌላ ነው፤ የሚበዛውም በትልልቆች ላይ ነው። ጆሮውን ጎተት ሲያደርጉት ወይም ቀዳዳው ፊት ያለችውን ጉብታ ሲጫኗት የሚያም ከሆነ ሕመሙ ያለው እዚህ ነው። ኩክ ቆሻሻ አይደለም። ቅባትና ትንሽ አሲድ ያለው መከላከያ ነው፤ የቀዳዳው ቆዳ ራሱ ከታምቡር ወደ ውጭ እያደገ ቀስ ብሎ ይዞት ይወጣል። የክብሪት እንጨት፣ ቁልፍ፣ የእስክሪብቶ ክዳን ወይም በስንጥር ላይ የተጠመጠመ ጥጥ የገባ እንደሆነ ግማሹ ኩክ ወደ ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ ቆዳው ይጫራል፣ በጭረቱ ባክቴሪያ ይገባል። ብዙ የሚዋኝ ሰው፣ ሙቀትና ወበቅ ያለበት አገር የሚኖር፣ የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ የሚውል ሰው ጆሮው ስለማይደርቅ ሻጋታም ሊያበቅልበት ይችላል። ያን ጊዜ ከሕመሙ ይልቅ የሚያስቸግረው ማሳከኩ ነው፤ ሲያክኩት ደግሞ ይብሳል።

የስኳር በሽታ ያለባቸው አዛውንት ጆሯቸውን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ከያዛቸው ሳይውል ሳያድር መታየት አለባቸው፤ በእነሱ ላይ የውጭው ሕመም ወደ ራስ ቅል አጥንት የመዝለቅ ጠባይ አለው። ጉንፋን ሳይዘው አንድ ጆሮው ብቻ ለሳምንታት የተደፈነበት አዋቂ ሰውም የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ሐኪሙ ጆሮውን አይቶ ሲያበቃ በቀጭን ካሜራ አፍንጫው ጀርባ ይመለከታል፤ የቱቦውን አፍ የዘጋው እዚያ የበቀለ ዕጢ ሊሆን ይችላልና።